ከጽጌ እንጉርጉሮ የጠፋው እኩሌታ

ይድረስ ለባለቤቴ ለጽጌ፤

ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን እወቂልኝ። አንሶላ ስታጥፊ ታንጎራጉሪው የነበረውን፣ ያንን ቃል የሌለውን ዜማሽን፣ እኩሌታውን ረስቼዋለሁ። የመጀመሪያው ክፍል አለ። ሁለተኛው የለም። ይህን ስጽፍልሽ ገና ከድንጋጤዬ አልወጣሁም። መልክሽን እንዳልረሳ እፈራ ስለነበር ፎቶሽን በየክፍሉ ሰቅያለሁ። ዜማሽ ይጠፋል ብዬ ግን አንድም ቀን አልፈራሁም።

ከተለየሽን ወዲህ በረዶው ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ቀልጧል። እኔ እዚያው አውሮራ፣ ፒዮሪያ መንገድ ላይ፣ በዚያው አፓርትመንት ነኝ። በረንዳው ላይ ቲማቲም ተክዬልሽ ነበር፤ ሊቀላ ሲል እንደ ጠጠር ያለ በረዶ ዘንቦ ቅጠል አላስቀረለትም። ልጃችን ሊዲያ ከኮልፋክስ ክሊኒክ ሥራዋን ስትጨርስ በየማታው ማለት ይቻላል ብቅ ትላለች። ያንቺን ሰማያዊ ካፖርት ነው የምትለብሰው። እጅጌው ያጥራታል፤ አዲስ እንግዛ ብላት አትሰማኝም።

ያንን ዜማ ከየት እንዳመጣሽው ጠይቄሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ከእናትሽ የወረስሽው መስሎኝ ነበር። «ከእጄ ነው» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ትሠሪበት በነበረው ሆቴል ላውንድሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ ማድረቂያው ሲጮኽ፣ እጅሽ ሲያጥፍ አፍሽ ተከትሎት የመጣ ነው አልሽኝ። ስለዚህ ከአንቺ በቀር የሚያውቀው የለም። ሰሞኑን እኔና ሊዲያ የስልኮቹን ቪዲዮ አንድ በአንድ አይተናል። ስትስቂ አለሽ፤ ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀን ነው ብለሽ ስትቆጪ አለሽ። ስታንጎራጉሪ ግን የለሽም። ስልክ ስናወጣ ሁልጊዜ ዝም ትዪ ነበርና።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሊዲያን የትምህርት ቤት ቫዮሊን ከአልጋ ስር አወጣሁት። ዜማሽን በእጄም ልያዘው ብዬ ነው። ኤልሲ የሚባሉ፣ ስቴፕልተን፣ የድሮው ኤርፖርት በነበረበት ሰፈር የሚኖሩ አሮጊት አስተማሪ አገኘሁ። ወላጆቻቸው ከስኮትላንድ የመጡ ናቸው፤ ቫዮሊኑን ፊድል ነው የሚሉት። አንዱን ድምፅ ሳላስተካክል ወደሚቀጥለው አልሄድም እያልኩ ዓመት ሙሉ ተማርኩ። እኔን ታውቂኛለሽ። የአስመራው ጓደኛችን ተስፋይ ግን ፋታ አልሰጠኝም። «መምህር፣ ስንት ዓመት ሒሳብ አስተምረህ በጡረታህ አዝማሪ ልትሆን ነው? መስኮቱን ዝጋው፣ ፓስተሩ በዚህ ካለፉ ስላንተ ጾም ያውጃሉ!» መዝሙር እንዳልሆነ ስነግረው፣ «እሱንማ ሰማሁት» አለኝ።

በዚህ በጋ ኤልሲ ከዴንቨር በስተምዕራብ፣ ተራራው ውስጥ ወደሚያካሂዱት የሙዚቃ ካምፕ ገባሁ። ሳምንት ሙሉ እዚያው ይታደራል፣ እዚያው ይበላል፤ የሚሰማው የስኮትላንድ ዜማ ብቻ ነው። ያደረሰኝ ያው ተስፋይ ነው። የእንጨቱን ቤትና ተደራራቢውን አልጋ ሲያይ፣ «ብሔራዊ ውትድርና መሰለህ እንዴ? ታችኛውን ያዝ፣ ከላይ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል» ብሎኝ ተመለሰ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት አስደነገጠኝ። እርሳሴን ቀርጬ፣ ደብተሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። ኤልሲ መጥተው ደብተሬን አጠፉትና ወንበሬ ስር ከተቱት። በዚህ ካምፕ የሚጻፍ ነገር የለም። እሳቸው አንድ ሐረግ ይጫወታሉ፣ እኛ በጆሮ ይዘን እንደግማለን፤ ካልያዝነው እንደገና ይጫወቱታል፣ ሳይቆጡ። ዕድሜዬን ሙሉ «ጻፉ፣ ያልጻፈ ይረሳል» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው የልጅ ልጅ ከሚሆኑኝ ልጆች መሃል ተቀምጬ በጆሮዬ ብቻ ስማር ላብ አጠመቀኝ። አብዛኛው ዜማቸው ሁለት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ሁለቴ ይባላል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ሁለቴ፣ ከዚያ እንደገና ከራስ። ያንቺም እንዲሁ እንደነበር ያን ጊዜ ልብ አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤቱ ያልተጻፈ ዜማ ይዞ የመጣ ካለ ያሰማን አሉ። እጄን አወጣሁ። ጽጌ፣ ለዚህ አልነበር እንዴ የመጣሁት? ቆሜ የመጀመሪያውን ክፍል ተጫወትኩ፤ ደገምኩት። ለሁለተኛው ቀስቱን አነሳሁ። እንዳነሳሁት ቀረሁ። ክው አልኩ። በየቀኑ የምገባበት በር ተደፍኖ ግድግዳ ብቻ ሆኖ ያገኘሁት ያህል ነው። ከየትኛው ድምፅ እንደሚነሳ እንኳ ጠፋኝ። ዓመት ሙሉ የመጀመሪያውን ክፍል ሳስተካክል፣ ሁለተኛው መቼም አለ ብዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልነካው ከርሜያለሁ። ለካ ያ ሁሉ ጊዜ የነበረኝ እኩሌታው ብቻ ነው።

ልጆቹ የጨረስኩ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ። ወደ ውጭ ወጣሁ። ከጥዶቹ መሃል ቆሜ ከራሱ እየጀመርኩ አንጎራጎርኩ፤ መንደርደሪያ ካገኘሁ እዘለዋለሁ ብዬ ነው። እዚያው ቦታ ስደርስ ቀጥ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ያው ሆነ።

በመጨረሻው ማታ ሁሉም በአዳራሹ ተሰብስቦ ይጫወታል። ኤልሲ ያለኝን ያህል እንዳሰማ ለመኑኝ። የመጀመሪያውን ክፍል ቀስ ብዬ ተጫወትኩ። ስደግመው ሌሎቹ በጆሯቸው ይዘውት ነበርና አብረውኝ ገቡ። ያ ሁሉ ሰው ያንቺን ዜማ፣ የላውንድሪውን ዜማ፣ ተጫወተው። እዚያው ቦታ ስደርስ ቀስቴን አወረድኩ። ኤልሲ ግን አላወረዱም። ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ ወደ ሁለተኛ ክፍል ገቡ፤ የነበረ፣ የሚታወቅ ይመስል። ሌሎቹ ተከተሏቸው። ከዚያ ፍጥነቱ ጨመረ፤ ሁለት ልጃገረዶች ብድግ ብለው መጨፈር ጀመሩ፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። የሟች ዜማ ነው፣ ተዉ! ብዬ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም።

ሲያበቃ ኤልሲን ለምን ወደ ጭፈራ እንደለወጡት ጠየቅኳቸው፤ ድምፄም ሻካራ ነበር መሰለኝ። በስኮትላንድ ለሞተ ሰው ዜማ እንደሚሠራለት፣ በዝግታ ተጀምሮም ሳይቋረጥ ወደ ፈጣን መግባቱ ነውር እንዳልሆነ ነገሩኝ። ቀጥለው፣ «ባለቤትዎ ይህን ሲያዜሙ ቁጭ ብለው ነበር?» አሉኝ። ቆመሽ፣ እጅሽ እየሠራ፣ ወዲያ ወዲህ እያልሽ እንደነበር ትዝ አለኝ። ሁለተኛውን ክፍል ከየት አመጡት ብላቸው፣ የመጀመሪያው ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ሰምቼ ተከተልኩት እንጂ አላውቀውም አሉ።

ሊዲያ መጥታ ወደ አውሮራ መለሰችኝ። በበነጋው ሰሃን ሳጥብ ሳላውቀው ሙሉውን እያንጎራጎርኩ ነበር። ከኋላዬ ቁልፏ ወለል ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ዞር ስል አፏን በእጇ ይዛለች። «አባዬ፣ ዌይት። ዳትስ ኢት! የማሚ ነው! እንዴት አስታወስከው?» አለችኝ። የማሚ አይደለም፣ ኤልሲ የፈጠሩት ነው አልኳት። «ኖ፣ አባዬ! ማሚ ካር ውስጥ ልክ እንዲህ ነበር የምትለው። አይ ኖው ኢት!» ብላ ካቆምኩበት ቀጥላ እስከ መጨረሻው አዜመችው። አንድ ድምፅ አልሳተችም። እያለቀሰች ነው ያዜመችው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እውነት ያንቺ ይሆን? አንዲት በሕይወቷ አይታሽ የማታውቅ አሮጊት የመጀመሪያውን ሰምታ ሁለተኛውን ልትደርስበት ትችላለች? ደስታው ሊገድለኝ ደረሰ። ወዲያው ግን፣ ከተራራው ስንወርድ መንገዱን ሁሉ ዜማ በአፌ እንደነበር ሊዲያ ራሷ ነገረችኝ። እሷ ያን ጊዜ ስልክ ላይ ስለነበረች የትኛውን እንዳዜምኩ አላስተዋለችም። እንግዲህ ከእኔ ሰምታ ያንቺ መስሏት ቢሆንስ? ሒሳብ ሳስተምር መልስ ያገኘ ተማሪ መልሱን መልሶ እንዲያረጋግጥ አስገድድ ነበር። ይህን በምን ላረጋግጠው? ሊዲያን ደግሜ አልጠየቅኳትም። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ በጥርጣሬዬ ልነካው አልደፈርኩም።

ጽጌ፣ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ቀን ባለፈ ቁጥር ይህ ሁለተኛ ክፍል በጆሮዬ እየተተከለ ነው። ያንቺ ከሆነ ሙሉሽን አግኝቼሻለሁ። ካልሆነ ግን በገዛ አፌ ያንቺን ቦታ ለሌላ ዜማ እየሰጠሁ ነው፤ እውነተኛው ቢመጣ እንኳ መግቢያ ያጣል። የመጀመሪያውን ክፍል፣ ያንቺ ለመሆኑ የማልጠራጠረውን፣ በየማለዳው እጫወተዋለሁ። ጣቶቼ እስኪከዱኝ አልተወውም፤ ሲከዱኝም ሊዲያ ትይዘዋለች። ይህን ቃል ገብቼልሻለሁ።

ሙታንን መጠየቅ እንደማይገባ ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረውን አልዘነጋሁም፤ ፓስተሩ ይህን ቢያነቡ እንደሚገሥጹኝም አውቃለሁ። እኔም በሕልም የማምን ሰው አልነበርኩም። ቢሆንም አንድ ሌሊት በሕልሜ ነይና ከመካከሉ ጀምረሽ አዚሚልኝ። ኤልሲ የጨመሩት ያንቺው ከሆነ አዎ በዪኝ፤ ካልሆነም አትዘኚልኝ፣ አይደለም በዪኝ፣ ከባዶ እጀምራለሁ። ብቻ አትቆዪ። ጆሮዬ ጨርሶ ሳይለምደው፣ እባክሽ፣ ቶሎ መልሺልኝ።

ባለቤትሽ ኃይሉ