እናትህ ጣናን አዩ

የልቤ ሰው ጌትዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እዚህ ደብረ ታቦር አደይ አበባው ረግፎ ብርዱ ገብቷል። ሚኒባስህ አልተሸጠችም፤ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ እኔው እየነዳኋት ነው። የኋላ ወንበሮቿን ነቅለህ የሠራሃት የእንጨት አልጋም እንዳለች ናት። ስንሸመግል በየሄድንበት እንተኛባታለን ስትለኝ፣ ሰው መኪና ውስጥ ይተኛል ወይ ብዬ ስቄብህ ነበር።

እናትህ ግን ከቀብርህ ወዲህ ወደ መኪናዋ ዞር ብለው አያዩም፤ ስምህንም አይጠሩም ነበር። አንድ ቤት እየኖርን ስላንተ አንዲት ቃል አንነጋገርም ነበር። ባለፈው ሰሞን ጉልበታቸው ሲብስባቸው፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ልውሰድዎት አልኋቸው። እምቢ ይሉኛል ስል ጋቢያቸውን ይዘው ወጡ።

ጥቂት ቀን ታጥበው ሻል አላቸው። ስንመለስ፣ ሙሽሮች ሳለን የወሰድኸኝን ዳርቻ ላሳያቸው ብዬ ከሐሙሲት ወደ ጣና በሚወርደው የአፈር መንገድ ገባሁ። ስንደርስ መሽቶ ጉም ወርዶ ስለነበር ምንም አልታየንም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ አቁሜ አልጋህ ላይ ጎን ለጎን ተኛን።

ጠዋት በሩን ስከፍተው ውኃው እግራችን ሥር ነው። ጉሙ ተገፏል፤ ፀሐይ ከኋላችን በጉና በኩል ወጥታ ባሕሩ እስከ ሰማዩ ጥግ በርቷል። ማዶ የለውም። አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው ላይ ቆሞ ሲሄድ፣ በብርሃኑ ውስጥ የሚራመድ ይመስላል። እኔ ከዚህ በፊት ያየሁት ሰው እንኳ እንደ አዲስ አየሁት።

እናትህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወንዝ የሚበልጥ ውኃ አላዩም ነበር። በመኪናዋ በር ላይ ተቀምጠው ዳር እስከ ዳር ቃኙት።

«ይህን ሁሉ ውኃ ማን ያዘው?» አሉ በሹክሹክታ።

ወርደው ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉና እርጥቡ መሬት ላይ ሰገዱ። በዚያ ጉልበት! ላነሣቸው ስጠጋ በእጃቸው ከለከሉኝ። ሲነሡ ፊታቸው በእንባ ርሷል።

«ጌትነት ይህን ያይ ነበር?»

ስምህን ካፋቸው ስሰማ እኔም አልቻልሁም። «አዎ እማማ፤ በዚህ ባለፈ ቁጥር ጎራ ብሎ ያይ ነበር» አልኋቸው።

«ለካ ቤት ሲገባ ዝም የሚለው ይህን አይቶ ጠግቦ ነው» አሉ። «እኔ እኮ የከፋው ይመስለኝ ነበር።»

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ሽቅቡን እስክንጨርስ ስላንተ አወሩልኝ። በሕፃንነትህ ነጎድጓድ ስትፈራ አንዲት የፍየል ግልገል አቅፈህ ጋቢ ውስጥ ትገባ ነበር አሉ። እሷም አንተም እየተንቀጠቀጣችሁ! ይህን አንድም ቀን አልነገርኸኝም።

ጌትዬ፣ የሚሉኝን ሁሉ በልቤ እይዘዋለሁ። አልረሳህም፤ እንዲያውም ገና እያወቅሁህ ነው።

ያንተዋ
አለምነሽ