ጥቅምት ላይ ባሕሩ ይረጋል

ናዝሬት፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? ውሃውስ ይስማማሃል? እኔ አለሁ። ጉንፋኔም፣ ወገቤም፣ ምላሴም እንደምታውቃቸው ናቸው፤ ከሦስቱ የዳነ የለም። ናዝሬት ዝናቡ ሊወጣ ነው። ጭቃ ሆኖ የከረመው አቧራ ተመልሶ አቧራ ሊሆንልን ነው። እኔም እዚያው ገበያው ጥግ፣ እዚያው ዓሣዬ ላይ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልጣልኩትም። የአሰብ መስመር ሾፌሩ ጂብሪል ይዞት ይወርዳል። የወታደር ደብዳቤ እየተከፈተ ይነበባል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የምጽፈው ደግሞ ለሌላ ዓይን አይሆንም። አንድ ነገር ልለምንህ፣ በሞቴ። ብቻህን ከሆንክ አታንብበው። አሥጋሪው ወዳጅህ አብዱልመናን ቤት ሂድ፤ እሱ አጠገብህ ይቀመጥ፤ ከዚያ አንብበው።

ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደህ አሰብ በደረስክ በሦስተኛው ወር የጻፍካትን ደብዳቤ ታስታውሳታለህ? ባሕር አየሁ፣ ውሃው ጨው ነው፣ የሰው ቁመት የሚያህል ዓሣ አለበት፣ አብዱልመናን የሚባል ባለጀልባ ወዳጅ አግኝቻለሁ፣ አባባ አንድ ቀን መጥተው ከእኔ ጋር ያጥምዱ ያልክባት። አባባ ቅዳሜ ከዝዋይ ዓሣቸውን ይዘው፣ በዓለም ጤና ከተማ የሽንኩርት መኪና ላይ ተጭነው ሲመጡ አነበብኩላቸው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደብዳቤ ሲነበብለት የሚያየው ወረቀቱን አይደለም፣ የአንባቢውን አፍ ነው። አፌን እያዩ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በዚህ ሁሉ ውሃ ላይ ማን ጨው ጨመረ ብለው ተከራከሩኝ፤ አርባ ዓመት ሐይቅ ላይ የኖሩ ሰው ናቸውና ጨዉን እኔ ከራሴ የጨመርኩበት መሰላቸው። ደግሞ ጉማሬ አለበት ወይ ብለሽ ጻፊ አሉኝ። አንተም ጉማሬ የለም፣ ሻርክ የሚባል ዓሣ ግን ሰው ይበላል ብለህ መለስክ። ጉማሬ የሌለበት ውሃማ ምኑ ያስፈራል ብለው ናቁት።

ከዚያ ወዲያ ነገራችን ሁሉ ወቅት መቁጠር ሆነ። አንተ በባሕሩ ትቆጥራለህ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ሰው ይጠብሳል አልክ፤ ኅዳር ከገባ ደግሞ ነፋሱ ተነሥቶ ትንሽ ጀልባ አያስወጣም አልክ። አባባ በጾም ይቆጥራሉ። ሁዳዴ አይሆንም፣ ናዝሬት ዓሣ የሚገዛው ያኔ ነው፤ ሥጋ ቤት ሲዘጋ ነው እኛ እንጀራ የምንበላው። ፍልሰታም አይሆንም። የገና ጾም በኅዳር አጋማሽ ይገባል፣ እሱም አይሆንም። ነፋሱም ጾሙም የማይነካው አንድ ወር ተረፈ፤ ጥቅምት። ጥቅምት ላይ ባሕሩ ይረጋል ብለህ ጻፍክ። አባባ ያችን ቃል እንደ ዳዊት ደገሟት። ገበያ ላይ የማያውቁትን ሰው አስቁመው ጥቅምት ላይ ባሕሩ ይረጋል ይሉታል። የማን ባሕር ብሎ የጠየቃቸውን ደግሞ የልጄ ይሉታል።

የመጀመሪያው ጥቅምት አንተ ፈቃድ አጣህ። በሁለተኛው ጥቅምት ቀበሌ የይለፍ ወረቀት አልሰጥም አለ፤ ሽማግሌ ሰው ወደብ ድረስ ምን ሊሠራ ይሄዳል፣ ዓሣ እዚህ የለም ወይ አሏቸው። ሦስተኛው እንዳያልፋቸው አምና ገና ከፋሲካ ጀምረው ተነሡ። ሲባጎ ገዙ፣ ትልልቅ መንጠቆ አስቀጠቀጡ፣ ለፀሐይ ብለው ሰፊ ባርኔጣ ከሰልባጅ አመጡ። ባርኔጣው እንዴት እንደማያምርባቸው ብታይ!

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ምላሴ እንቢ ብሎኛል፣ እጄ ይሻላል።

አምና ሰኔ አንድ ደብዳቤ ጻፍክ። ወደ ሰሜን ልንወሰድ ነው፣ የሚመጣው ጥቅምት ባሕር የሚባል ነገር የለም፣ ለአባባ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፣ እንዳይጠብቁኝ ይላል። አባባ ቅዳሜ መጡ። ቆሮሶ ዓሣቸውን አውርደው፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው፣ ፊቴ ተቀመጡና አንብቢ አሉኝ። ያ ባርኔጣ ራሳቸው ላይ ነው። ሰሜን የምትለዋን ቃል አፌ ላይ አድርሼ ዋጥኳት። ያነበብኩላቸው ሌላ ነው። አካም ጅርታ አባባ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ የሚመጣው ጥቅምት ቁርጥ ነው አልኩ። ይኸ አልበቃ አለኝ። እንዲስቁልኝ ፈለግሁ። ብቻ የባሕር ማዕበል እንደ ዝዋይ አይደለም፣ ሐይቅ የለመደን ሰው ያስመልሰዋል፣ አባባ ከወዲሁ ማዕበል ይልመዱ፣ ጓደኞቼ ፊት እንዳያሳፍሩኝ ብሏል አልኳቸው። ሳቁ። ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሲስቁ ደስ አለኝ።

ወንድሜ፣ ያን ቃል አንተ አልጻፍከውም። ከእኔ አፍ ነው የወጣው። ይህን አንድ ነገር ያዝልኝ።

የዝዋይን አሥጋሪ ደንብ ታውቃለህ። መረቡን በጠዋት ያነሣል፤ ቀትር አልፎ ነፋሱ ሲነሣ ታንኳውን አስሮ ዳር ይቀመጣል። ሐምሌ ሲሆንማ ጎበዙም አይደፍርም። አባባ ይህን ደንብ አርባ ዓመት ጠብቀው ነው ያረጁት። ያን ሐምሌ ግን ሰው ሁሉ ከቀትር በኋላ ወደ ዳር ሲወጣ እሳቸው ወደ ውስጥ ይቀዝፉ ጀመር። አጎታችን ሰንበታ ጆቴ አብደሃል እንዴ ቢሏቸው፣ ማዕበል እየለመድኩ ነው፣ ልጄን ሰው ፊት አላሳፍረውም አሏቸው። ዋና እንደማያውቁ ታውቃለህ። ሶደሬ ወስደን እናስተምርዎት ስንላቸው፣ ዓሣ የሚይዝ ሰው ዓሣ አይሆንም ብለው ስቀውብን ነበር። አራት ቀን ወጥተው በሰላም ገቡ። በአምስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 12፣ ታንኳዋ ብቻዋን መጣች።

በሦስተኛው ቀን ተገኙ። እዚያው ዝዋይ ቀበርናቸው። ያልመጣ ሰው የለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ያ የሽንኩርት መኪና ሾፌር እንኳን ሰው ጭኖ ከዓለም ጤና መጥቶ ነበር። የጎደልከው አንተ ብቻ ነህ።

ይኸው ተናገርኩት። አባባ ከሞቱ ዓመት ከወር ከሃያ ቀን ሆናቸው።

ለምን ደበቅሽኝ ትለኛለህ። ልጽፍልህ ብዕር አንሥቼ ነበር፣ አጎታችን ከለከሉኝ። መርዶ በወረቀት አይላክም አሉኝ። መርዶ የሚነገረው ሰው በሰው፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ዘመድ ከጎን ተቀምጦ ነው። እሱ ያለው ምሽግ ውስጥ ነው፣ ማን ይይዝልሻል አሉኝ። ሐዘን የገባው ወታደር ራሱን አይጠብቅም፤ ሲመጣ እቤቱ፣ ወገኑ መሃል እንነግረዋለን አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን እውነቱን ልንገርህና፣ ለእኔም ተመቸኝ። የአባባን ሞት ከጻፍኩ ያን ያልኩትን ቃልም መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ሆዴን ነው የፈጀው።

ደግሞስ ማን ይጠረጥራል? የአባባ ደብዳቤ ሁልጊዜም በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። እሳቸው ሲሉ ስጽፍ ኖሬ፣ አሁን ሳይሉ ጻፍኩ። አንተ ከሰሜን፣ ወደ አሰብ ይመልሱናል የሚል ወሬ አለ፣ የሚቀጥለው ጥቅምት አያመልጠንም ብለህ ስትጽፍ፣ አባባ እሺ ብለዋል ብዬ መለስኩ። የመቃብራቸው አፈር ገና አልጠገገም ነበር። መንጠቆው ምን ያህል ነው ስትለኝ ለክቼ ጻፍኩልህ። ስድባቸውን፣ ሳቃቸውን፣ ያችን የጨው ጥርጣሬያቸውን ሁሉ ጨመርኩበት። አንዳንዴ እየጻፍኩ እውነት ይመስለኝና ቅዳሜ የሽንኩርቱ መኪና ሲቆም ቀና እላለሁ። እብደት ነው፣ በለው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ። ይህን ሁሉ እስክትመጣ ድረስ ይዤው ልቆይ ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ።

የካቲት ላይ የምጽዋን ነገር በሬዲዮም በሹክሹክታም ሰምተን ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ሳለ፣ ደህና ነኝ የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። አሰብ ተመልሻለሁ፣ እጄን ትንሽ ስላመመኝ ጓደኛዬ ይጽፍልኛል ይላል። እልል አልኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰማኝ። ጽሕፈቱ የሌላ ሰው መሆኑ ምን ገዶኝ! እኔስ ለአባባ የሰው እጅ አልነበርኩም? ሁለተኛውም እንዲሁ በዚያው እጅ መጣ። ሦስተኛውን ጂብሪል ባለፈው ሳምንት አመጣልኝ። ጀልባው ተዘጋጅቷል፣ ጥቅምት ላይ ባሕሩ ይረጋል፣ አባባ ይምጡ ይላል። ግን ብቻቸውን አይምጡ፣ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ይምጡ፣ አንቺም አብረሽ ነይ፤ በጠዋት ግቡ፣ መንገድ ላይ ማንንም ሳትጠይቁ በቀጥታ አብዱልመናን ቤት ድረሱ ይላል።

የዓሣ ሣጥኔ ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሽማግሌ ይዞ ዓሣ ሊያጠምድ የሚሄድ ማን አለ አልኩ። ከዚያ ሚስት አግኝቶ ይሆናል፣ ሽማግሌ የፈለገው ለዚያ ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ደግሜ አነበብኩት። በጠዋት። ሽማግሌ ይዘው። ብቻቸውን አይምጡ። ማንንም አትጠይቁ።

ወንድሜ፣ እኔ እኮ ይህን ዓይነት ደብዳቤ አውቀዋለሁ። አሁን ከላይ ብቻህን አታንብበው ብዬ የጻፍኩልህ ምን ሆነና? ድመት ዓሣ ጎትታ ስትሄድ እያየሁ መነሣት አቃተኝ።

ጂብሪልን ያዝኩት። በዓይንህ አይተኸዋል ወይ፣ በአላህ ይዤሃለሁ አልኩት። ጎማውን በእግሩ እየመታ ነፋሱን ያያል። ጥቅምት ላይ ራሴ እወስዳችኋለሁ አለኝ። ሲቀልድብኝ የሚውል ሰው፣ ያን ቀን አብሽሪ እህቴ ብቻ ብሎኝ መኪናው ላይ ወጣ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለማን እንደሆነ አላውቅም። የምታነበው አንተ ከሆንክ ስደበኝ፣ ተቆጣኝ፣ አባባን በምላስሽ ገደልሻቸው በለኝ። እችለዋለሁ። ስድብህ ይምጣልኝ እንጂ እንደ ማር እልሰዋለሁ።

ጥቅምት ላይ እመጣለሁ። አጎታችን ሰንበታና ጎረቤታችን አቶ ብዙነህ አብረውኝ ይመጣሉ። በጠዋት እንገባለን፣ ማንንም አንጠይቅም። ጥቁር ቀሚሴን ሐምሌ ላይ የአባባን ዓመት አውጥተን አውልቄው ነበር፤ ትናንት አጥቤ አሰጣሁት።

ባለህበት ፈጣሪ ይሁንህ። ክፉ አይንካህ፣ አፈሩም ውሃውም ይቅለልህ። እኔ መመረቅ አላውቅበትም፤ አባባ ጠዋት ጠዋት ስምህን ጠርተው የሚሉትን ልላክልህ። ነጋን ገሊ፣ ኢልማ ኮ። በሰላም ግባልኝ፣ ልጄ።

እህትህ

ይህች ደግሞ ለሌላው አንባቢ ናት። በወንድሜ ስም የምትጽፍልኝ ሰው፣ አብዱልመናን ሳትሆን አትቀርም፤ አልተቀየምኩህም። ይህን ሥራ እኔም ዓመት ሙሉ ሠርቼዋለሁ፣ ክብደቱን አውቀዋለሁ። ሽማግሌዎቹን ይዤ እስክመጣ ምንም እንዳላወቀ ሰው እቀመጣለሁ። እናንተም እንደ ወጉ ትነግሩኛላችሁ፣ እኔም እንደ ወጉ አለቅሳለሁ። እስከዚያ ግን አንድ ደብዳቤ ጻፍልኝ፣ በእሱ ስም። ረጅም ይሁን። ውድ እህቴ ሆይ ብለህ አትጀምር፣ እሱ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። አንቺ ለፍላፊ ብለህ ጀምር።

እህቱ