ለረዳት የተሰጠው ብርድ ልብስ

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽ ደህና ናት፤ ጊደርሽም ወልዳለች። እኔ ግን በርዶኛል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ትከሻዬን አቅፌ ነው የማድር፤ ይህን ዋና አቤቱታዬ አድርገሽ ያዥልኝ። ባሕር ዳር ሙቀት ስለሆነ አይገባሽም።

በስልክ ያልነገርሁሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ወረቀት አይዘጋም።

ነገሩ የወይዘሮ አልጣሽ ምራት፣ የአምለሰት ነው። በቴሌግራም ሱቅሽ ያን ወፍራም ብርድ ልብስ አይታ ለአራስነቷ አዘዘች፤ ከፈለችሽም። አንቺም ካርቶኑ ላይ «አምለሰት» ብለሽ ጽፈሽ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠሽ። ረዳቱ አላጠፋም፤ ቡሬ መናኸሪያ አራገፈው። ባሏ ሙሉሰው መታወቂያዋን ይዞ ሲሄድ ግን ዕቃ ጠባቂው፣ ይህ የእማዋይሽ መታወቂያ ነው፣ ካርቶኑ የሌላ ሰው ነው ብሎ መለሰው።

አምለሰት የሚለውን ስም ሙሽራ ሆና ስትገባ ያወጡላት አማቷ ናቸው። ሽንዲ፣ እናቷ ቤት፣ እማዋይሽ ናት። አንቺ የዚህ አገር ልጅ ነሽ፤ ምራት ሁለት ስም እንዳላት ታውቂያለሽ። ቀበሌ ግን አማት ስላልሆነ በመጀመሪያው ስሟ መዝግቧታል።

እኔም ሄጄ ነበር። ጠባቂውን ላስቀው ብል አልስቅ አለ። ላኪዋ ደውላ ስሙን ካረመች እሰጣለሁ አለኝ። እውነቱን ነው፤ በቀልድ ዕቃ የሚሰጥ ቢሆን ግማሹ መናኸሪያ እስካሁን እኔ ቤት ነበር።

አምለሰት ስትጽፍልሽ፣ ከእጄ ወጥቷል፣ ረዳቱን ጠይቂ አልሻት። ደግማ ስትጽፍ ዘጋሽባት። አያትሽ በሬ ሲሸጡ ገመዱን ገዢው እጅ ካላስጨበጡ ሸጥሁ አይሉም ነበር። መንገድ ላይ እግሩ ቢሰበር ኪሳራው የማን ነው ሲሏቸው፣ ገመዱ ማን እጅ ነው ብለው ይጠይቁ ነበር። የዚህ ብርድ ልብስ ገመድ አሁንም አንቺ እጅ ነው፤ አንድ ስልክ ነው የቀረሽ።

አምለሰት ወንድ ልጅ ወልዳለች። ቤታቸው ንፋስ ያስገባል። ወይዘሮ አልጣሽ ስምሽን በመንደሩ ሊያዞሩት ሲነሡ፣ አንድ ሰው ጋቢ ይዞ ሄዶ፣ ብርድ ልብሱ እስኪደርስ ባለሱቋ ልካዋለች ብሎ ሰጣቸው አሉ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ይህን ደብዳቤ የምሰጠው ለዚያው ረዳት ነው። ባይደርስሽ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ አልደረሰኝም ብለሽ ጻፊልኝ።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው። በዚህ ዝናብ ይመጣሉ ብዬ አላሰብሁም። አንድ ቅል ቅቤ ይዘው፣ ቃሏን ለጠበቀችው ልጅ ላክልኝ፣ ሕፃኑ በጋቢው ሞቆት ተኝቷል አሉኝ። ከዚያ ባዶ ትከሻዬን አዩት። እኔ ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ቅቤውን ለረዳት አልሰጥም። እጅሽ እስኪገባ በእኔ ነው። ካርቶኑ ከቡሬ የወጣ ዕለት ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ከዘገየሽ ግን ለአናቴ ዋስ አልሆንም።

እሳቸው ቆመው ነው፤ ላብቃ። የሸጥሽለትን ሁሉ የሚመርቅሽ ያድርገው። ስምሽን ከብርድም ከሐሜትም ይሰውርልሽ።

የሚበርደው አጎትሽ