በከንፈሬ ጥግ ያመለጠ ትንፋሽ

ይድረስ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ለሚኖሩት ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ጆቴ።

አባኮ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንደምን ነው? ያ ዳመና ሲከብድ የሚነሳብዎ ቁርጥማት ተሻለዎት? የእናቴ የዘርፉስ ዓይን? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ማሳው ሁሉ ደህና ነው? ከጾሙ ወደ ፍስኩ እንኳን በሰላም አሸጋገረዎ። እኔ ስለ ራሴ «ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍ ሁለት ጊዜ ብዕር አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት። በሕይወት አለሁ። ከዚህ በላይ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ይህን የሚያነቡልዎ አቶ ሙሉአለም ናቸውና፣ እባክዎ እህቴ ቡዜ ከቤት በሌለችበት ሰዓት ያንብቡልዎ። ነገሩ የባሏ የሆራ ነገር ነው። ሆራ አልሞተም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርዎ። ግን ክፉኛ ታሟል። ለዚህ ያበቃሁትም እኔ ነኝ።

እንደሚያውቁት በኅዳር ከእርስዎ ተመርቀን ከወጣን በኋላ፣ ከአዳማ በታች አዋሽ ዳር አንድ ፈረንጅ ጥጥ የሚያለማበት እርሻ ገባን። ሥራችን ከወንዙ አፍ ድንጋይ እየተሸከምን ዳገቱን ወጥተን ለውሃው ቦይ ግንብ ማቅረብ ነው። ቦዩ ሳያልቅ ላንለቅ ተፈራርመናል። ቀለባችን ከእርሻው ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ጣሳ በቆሎ። ቀቅለንም ቆልተንም ስንበላው ያጠግበን ነበር።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ የእርሻው ጌታ አንድ ሐኪም አመጣ። አስተርጓሚው አለማየሁ ሰብስቦ አስረዳን። «የሰው ገላ እንደ ምድጃ ነው፤ እህሉን ያነደዋል» አለ። «የሚወጣውን ሙቀት ፈረንጆቹ በካሎሪ ይቆጥሩታል። ሐኪሙ ትንፋሻችሁን ሰብስቦ በየሥራው ስንት እንደምታነዱ ያውቃል፤ ቀለባችሁም በዚያው ልክ ይሰፈራል።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ሆራም «ትንፋሽ ደግሞ በምን ቁና ይሰፈራል?» ብሎ ይበልጥ አሳቀን።

ከዚያ ሁሉ ተሸካሚ ለመለካት የተመረጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ቀን ሥራ አስፈትተው በወጥ በእንጀራ አጠገቡኝ። በአራተኛው ቀን በማለዳ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ በጌታው ቤት ፊት ለፊት ባለው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ አቆሙኝ። አፍንጫዬን በመቆንጠጫ ያዙት፤ የጎማ ቧንቧ አፌ ውስጥ አስገቡ፤ የቧንቧው ጫፍ ጀርባዬ ላይ ከታሰረ ትልቅ ከረጢት ይገባል። ድንጋዩን በትከሻዬ አሸከሙኝና ሂድ አሉኝ።

የሥራ አለቃው ቀደም ብሎ በጆሮዬ «ከረጢቱ ቶሎ ካልሞላ ብርቱ ነህ ማለት ነው፤ ብርቱ ከሆንክ የተሸካሚዎች ሹም አደርግሃለሁ» ብሎኝ ነበር። አባኮ፣ ሹመቱ አጓጓኝ። ቀስ ብዬ ተራመድኩ። ትንፋሼ ሲያይልብኝ ከንፈሬን በአንድ ጥግ ላላ አድርጌ ወደ ውጭ ለቀቅሁት። ከቧንቧው ውጭ ያመለጠው ሩቡ ይሆናል። ማንም አላየኝም። ከረጢቱ ጎድሎ ቀረ፣ ሐኪሙ በደስታ ጻፈ፣ እኔም በነጋታው ሹም ሆኜ ድንጋይ መሸከም ተውኩ።

ከየካቲት መባቻ ጀምሮ ቀለቡ በሐኪሙ ወረቀት ተሰፈረ። ለድንጋይ ተሸካሚ አንድ ጣሳ ከሩብ ሆነ። ያ ቁጥር የወጣው ከእኔ ትንፋሽ ነው፤ ከጠገበ ሰው፣ ሜዳ ላይ፣ በማለዳ ብርድ። ዳገቱን አላየ፣ የቀትሩን ሐሩር አላየ። በሳምንቱ ሁዳዴ ገባና መጀመሪያ ድካሙን በጾሙ አሳበብነው። የማይጾሙት እስላም ጓደኞቻችንም እኩል ሲከሱ ግን ማሳበቢያ አጣን። ሰዎቹ አቤት ሲሉ አለቃው ወደ እኔ እየጠቆመ «ይሄው የተለካው ሰው! ቁጥር አይዋሽም፤ እናንተ ናችሁ የሰነፋችሁ» ይላቸዋል። እኔ ዱላ ይዤ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ።

አንድ ቀን ሆራ ድንጋዩን አውርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። «አንተ ሳታለከልክ የሄድከውን እኔ ምነው አቃተኝ? አርጅቼ ይሆን?» አለኝ። «ትለምደዋለህ» አልኩት። አዎ አባኮ፣ እንዲህ ብዬዋለሁ። ምላሴን ያኔ በቆረጠው!

በመጋቢት መጨረሻ ዳገቱ ወገብ ላይ ወደቀ። ድንጋዩ አልመታውም፤ ጉልበቱ ብቻ ከዳው። ስናነሳው እንደ ገለባ ቀለለን። ያ በሬ ጠልፎ የሚጥለው ሆራ ነው እኮ! ክንዱን ስይዘው ጣቶቼ ዞረው ተገናኙ። ከዚያ ወዲያ መዋሸት አልቻልኩም። አለማየሁን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩና በከንፈሬ ያደረግሁትን ሁሉ ተናዘዝኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ አላመነኝም፤ ሹመቱን ጠልቼ የማወራ መሰለው። «እንግዲያው ዳግመኛ ይለኩኝ፤ ግን እዚያው ዳገቱ ላይ፣ በቀትር፣ ቀለቤንም እንደ ሌላው ሰው አንድ ጣሳ ከሩብ ብቻ በልቼ» አልኩት።

ከሳምንት በኋላ ለካኝ። ከንፈሬን ቧንቧው ላይ ገጥሜ፣ እንባዬ እየወረደ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ከረጢቱ ተወጠረ። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ አሰላው። ከበፊቱ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ራሱን ይዞ ተቀመጠና ብዙ ተናገረ፤ አለማየሁ ሲተረጉምልኝ «ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። በአንድ ሰው፣ በአንድ ጠዋት ለክቼ ለሁሉም መስፈር አልነበረብኝም። ይሄም ቢሆን ያንተ ልክ ነው፤ ለሆራ ምን ያህል እንደሚበቃው አላውቅም» አለ። ጌታው ዘንድ ገብቶ ተሟገተ፤ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ቀለቡ ወደ ሁለት ጣሳ ተመለሰ። እኔም ዱላውን ጥዬ ወደ ድንጋዩ ተመለስኩ።

ለሆራ ግን ዘገየ። እህሉ ሲመጣለት ሆዱ አልቀበልም አለ። እግሩ አብጧል፤ ትኩሳቱ ማታ ማታ ይነሳል። ፈቃድ ለምኜ ተሸክመን አዳማ አመጣነው፤ ገበያ ዳር ጨርቅ የሚሸጡ ዘሃራ የሚባሉ የወሎ ሴት ዘመድ ነህ ባዕድ ነህ ሳይሉ ቤታቸው አስተኝተውት አጥሚት በማንኪያ ያጎርሱታል። ሦስት ጎርሶ አራተኛውን ይመልሰዋል። ሐኪሙም መጥቶ አየውና በሁለት እጁ ወደ ላይ አመለከተ፤ ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ያደረግሁትን ለራሱ ለሆራ ነግሬዋለሁ። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «ሁለተኛ ጊዜ ስትለካስ ትንፋሽህን ሁሉ ሰጠሃቸው?» አለኝ። «ሰጠሁ» አልኩት። «ጥሩ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ስሰጠው ይጠጣል፤ ግን ዓይኔን አያየኝም።

አባኮ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ። የሆራን ወንድሞች አራት አድርገው ከቃሬዛ ጋር በፍጥነት ይላኩልኝ። በበቅሎ እንዳላመጣው ኮርቻ ላይ መቀመጥ አይችልም። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ነጋዴው ሀሰን መንገዱን ያውቃል፤ አብረውት ይመለሱ። ለመነሳት አንድ ቀን አይደሩ። ወንድሞቹ ሊመቱኝ ቢፈልጉ እጄን አላነሳም፤ ብቻ እሱን በሕይወቱ ያድርሱት። እኔን ደግሞ ቤትዎ እንዳልገባ ቢከለክሉኝ አልቀየምም፤ እርግማንዎን ግን ያስቀሩልኝ።

ለእናቴ ለዘርፉ ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ስለ እኔ ዓይኗን በልቅሶ አታጥፋው። ለአጎቴ፣ ለጎረቤቶቻችን፣ ላነበቡልዎ ለአቶ ሙሉአለም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። የቡዜን ሕፃን ግንባሩን ይሳሙልኝ።

ለቡዜ ከራሴ የምልከው ቃል አጣሁ። ሆራን «ምን ልጻፍላት?» ብዬ ጠየቅሁት። የተኛ መስሎኝ ልነሳ ስል በቀስታ ተናገረ። እንዳለው እጽፈዋለሁ፤ «እየመጣሁ ነው በላት።»

ልጅዎ መርዳሳ
አዳማ፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.