ከበግ ጠጉር የተሠራ የፍቅር ስጦታ

ብዙዬ፣ የቤቴ ብርሃን፣

እንደምን ከርመሻል ብዬ ልጠይቅሽ አልችልም፤ እኛ እንዴት እንደከረምን ግን ልነግርሽ እችላለሁ። በመስከረም፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ ነበር የሄድሽው። እነሆ አሁን የካቲት ነው፤ ሁለተኛው የካቲት። አንድ ዓመት ከአምስት ወር ያላንቺ አሳለፍኩ።

ቤቱ ትንሽ ተለውጧል። የጓሮው አጥር በክረምቱ ንፋስ ወድቆ በቆርቆሮ ተክቼዋለሁ። ቡራቡሬዋ በግ መንታ ወለደች፤ አንዱን ብርድ ቀማን፣ አንዷ ግን እንደ እናቷ አስቸጋሪ ሆና አድጋለች። ልጃችን ሕሊና ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ጀምራለች። ስትደውል ልክ እንዳንቺ ከሰላምታ በፊት “በላህ?” ትለኛለች። እኔም ሽሮ መሥራት ለምጃለሁ። ጎረቤቶች ቀምሰውት ምንም አላሉም፤ ሐዘኔን አክብረው ይመስለኛል።

የስፌት ሱቅሽን ግን ከዓመት በላይ ሳልከፍተው ቆየሁ። ከጥምቀት በኋላ አንድ ስልክ ጠጋኝ ልከራየው ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም እሺ ልለው ጥቂት ነበር የቀረኝ። ይህን የምጽፍልሽ ያ ነገር እንዴት እንዳለቀ እንድታውቂው ብዬ ነው። ከዚያ በፊት ግን በሕይወት ሳለሽ በቅጡ ያልነገርኩሽን ልናገር።

ታስታውሻለሽ፣ ከዓለም ከተማ ተነሥቼ ሞላሌ የእንስሳት ባለሙያ ሆኜ ስመደብ ስለ በግ የማላውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር። በተጋባን በመጀመሪያው የካቲት፣ የፍቅረኞች ቀን የሚሉት ነገር በሬዲዮ እኛም ከተማ ደርሶ ነበርና፣ ከደብረ ብርሃን የላስቲክ ጽጌረዳና እንግሊዝኛ የተጻፈበት ካርድ ገዝቼልሽ መጣሁ። አንቺ ደግሞ የበግ ጠጉር ፈትለሽ፣ ሠርተሽ፣ ውስጧን በዚያው ጠጉር ሞልተሽ፣ መዳፍ የምታህል ልብ ሰጠሽኝ። ቡናማ ነበረች።

ሳቅሁ። “ልብ ቀይ ነው እንጂ ቡናማ ልብ የት አየሽ?” አልኩሽ።

አንቺም ቀና ብለሽ አይተሽኝ፣ “የእንስሳት ባለሙያው አንተ ነህ። በግ ሲታረድ ልቡን አይተኸው አታውቅም?” አልሽኝ።

በማግስቱ ግን ነገሩን ቢሮ ወስጄ ባልደረቦቼን አሳቅሁበት። ወሬው ጆሮሽ መድረሱን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። አላኮረፍሽም፣ አልተናገርሽኝም። ያቺን ልብ ወስደሽ ከስፌት መኪናሽ በላይ መስኮቱ ላይ ሰቀልሻት። አንዲት መምህርት አይታት “ለእጮኛዬ አንድ ሥሪልኝ” አለችሽ፣ ከዚያ ሌላዋ መጣች። እኔ የቀለድኩበትን ነገር ሰው ፈልጎ ሲመጣ አየሁ። ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ አላልኩም።

ከዚያ ወደ ከተማችን የሚያስገባው ድልድይ የተሰበረበት ዓመት መጣ። ከአዲስ አበባ ዕቃ ሳይገባ የካቲት ደረሰና የከተማው ወጣት ሁሉ ወዳንቺ ጎረፈ። እናቶች ለሰፌድ አክርማ የሚነክሩበትን ቀይ ቀለም ከገበያ ገዝተሽ ጠጉሩን ነከርሽ። ሱቁን ከዳር እስከ ዳር ክር ወጥረሽ ቀይና ነጭ የሱፍ ኳስ ሰካሽበት። እጅሽ እስከ ክንድሽ ቀይ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ በነጠላሽ ትሸፍኚው ነበር።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሥራሽ ብቻ አልነበረም፤ ሕግሽ ነበር። ማንም ቢመጣ ሳትጠይቂው አትሠሪለትም። “ስለ ልጅቷ ሦስት ነገር ንገረኝ” ትይዋለሽ። የማያውቀውን “ሂድና አውቀህ ተመለስ” ብለሽ ትሸኚዋለሽ። ስታጠና እግሯ ለሚቀዘቅዛት ተማሪ ካልሲ ሠራሽ፤ ቁልፏን ሁልጊዜ ለምትጥል መምህርት የቁልፍ መያዣ የምትሆን ትንሽ የሱፍ ግልገል። ሦስቱን ነገር ፍለጋ ሄዶ ሳይመለስ የቀረም ነበር፤ “ከዚህስ ተገላገለች” ብለሽ ሳቅሽ።

የነፍስ አባታችን ሰምተው መጡ። ሱቁን ዙሪያውን አይተው፣ “ልጄ፣ ይህ የፈረንጅ በዓል ለኛ ምናችን ነው?” አሉሽ።

“አባቴ፣ በዓሉ የማንም ይሁን። ባል ለሚስቱ ስጦታ መስጠቱ ኃጢአት ከሆነ ይንገሩኝና ዛሬውኑ ልተው” አልሻቸው።

አባ ጢማቸውን አሻሹ። “ለሚስቱ ከሆነማ…” አሉና መስቀላቸውን አሳልመውሽ ሄዱ። በሳምንቱ ጋሽ ሸዋንግዛውን የላኩብሽ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ሸዋንግዛው በዘመሮ በኩል ያሉ ገበሬ ነበሩ። ሚስታቸው እትዬ ጌጤ ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣችውን ጥቁር በግ ሳይነግሯት ሸጠውባት፣ ተቀይማ ወንድሟ ዘንድ ከገባች አራት ወር ሆኗት ነበር። አባ ራሳቸው ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ሆነው ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ጋሽ ሸዋንግዛው በራችን ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ “ለሚስት የሚሰጥ ነገር ትሠራለች አሉኝ” አሉ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

“ስለ እትዬ ጌጤ ሦስት ነገር ይንገሩኝ” አልሻቸው።

“ገብስ ታርማለች። ከብት ታልባለች። ስድስት ልጅ አሳድጋልኛለች።”

“እሱ ሥራቸው ነው። እኔ የጠየቅኩዎት ስለ እሳቸው ነው።”

ሃያ ምናምን ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ባርኔጣውን መልሶ ማዞር ጀመረ። ላባቸው በግንባራቸው ሲወርድ አየሁ፤ በዚያ ብርድ! በመጨረሻ በጣም ቀስ ብለው፣ “ጥቁር ጠጉር ትወዳለች። ነጩን ለሸማኔ ትሰጣለች፣ ጥቁሩን ግን ለራሷ አስቀርታ ትፈትላለች… ያች በግም ጥቁር ነበረች” አሉ። ያን ሲሉ ነው ምን እንደሸጡ የገባቸው።

“ይበቃል። ጥቁር ጠጉር ይዘው ይምጡ። የሚፈትሉት ግን እርስዎ ነዎት” አልሻቸው።

እኔ ደነገጥኩ። በኛ በመንዝ ወንድ ይሸምናል እንጂ እንዝርት አይነካም። ጋሽ ሸዋንግዛው ግን በጓን የገዛውን ሰው አፈላልገው፣ ለምነው፣ ከዚያችው በግ የተሸለተ ጠጉር ይዘው መጡ። አንቺም በገበያ ቀን፣ በሱቅሽ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት አስቀመጥሻቸው። እንዝርቱ ከእጃቸው እያመለጠ ይንከባለላል፤ እየተነሡ ያመጡታል። “ሸዋንግዛው ሴት ሆነ!” እያለ ገበያው ሳቀ። ጓዳ ገብተው እንዲሠሩ ብነግራቸው፣ “ይሳቁ። እሷ ስትሄድ ግን ማንም የሚያስቀኝ ነገር አላገኘልኝም” አሉኝ። ከዚያ በኋላ በሰው ነገር መሳቅ አልቻልኩም።

ወሬው ከገበያተኛው ጋር ወንድሟ ቤት ደረሰ። በሚቀጥለው ገበያ እትዬ ጌጤ ራሷ መጣች። ከፊታቸው ቆመች። ክሩን በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችና፣ “ይኼ ክር ነው የበግ ላት?” አለች። ጋሽ ሸዋንግዛው ቀና ማለት አልቻሉም። እሷ እንዝርቱን ተቀብላ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ “እንዲህ ነው” ብላም ፈተለች። አንቺ ወደ ጓዳ ገባሽ፤ ስከተልሽ በነጠላሽ ጫፍ ዓይንሽን ስትጠርጊ አገኘሁሽ።

በዚያ ክር የአንገት ልብስ ሠራሽላት። ጎርባጣውን ብታወጪው ያምራል ብልሽ፣ “ይቅር። ስትነካው ማን እንደፈተለው ታውቃለች” አልሽኝ። በሳምንቱ ሽማግሌ ገብቶ፣ እርቅ ወርዶ ቤቷ ተመለሰች። እኔም ቢሮ ሄጄ ታሪኩን ተናገርኩ፤ በስተመጨረሻም “ያን ቀን በሚስቴ ስጦታ ያሳቅኋችሁ እኔ ሞኝ ነበርኩ” አልኳቸው። ላንቺ ግን አልነገርኩሽም። አሁን ነገርኩሽ።

ያ የወሰደሽ ሕመም ሦስት ሳምንት እንኳ አልታገሠንም። ልናገር ያሰብኩት ብዙ ነበር።

እንግዲህ ስለ ሱቁ። ለስልክ ጠጋኙ ላከራየው ዕቃሽን ሳወጣ እትዬ ጌጤና ጋሽ ሸዋንግዛው አህያ ላይ ጆንያ ሙሉ ጠጉር ጭነው ከደጅ ቆሙ።

“ሱቁን ልታከራይ ነው አሉኝ” አለች እትዬ ጌጤ።

“አዎ፣ እትዬ።”

“ማንን አስፈቅደህ?”

ጋሽ ሸዋንግዛው በትከሻዬ ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው፣ “ልጄ፣ እኔ ሳልጠይቅ ሸጬ የደረሰብኝን አይተሃል” አሉኝ። ከሞትሽ ወዲህ ጮክ ብዬ የሳቅሁት የዚያን ቀን ነው። ቁልፉን ለእትዬ ጌጤ ሰጠኋት።

አሁን አምስት ሴቶች ሆነው ይሠራሉ። እትዬ ጌጤ ከማንም በላይ ጥብቅ ናት፤ አንቺ ሦስት ነገር ትጠይቂ ነበር፣ እሷ አምስት ትጠይቃለች። የኔ ሥራ ጠጉር ማጠብ ነው። ምንጩ ድረስ ተሸክሜ ወርጄ፣ እዚያው ውሃ አሙቄ፣ ቅባቱ እስኪለቅ ድረስ በሳሙና አሻለሁ። ቢሮ ስገባ ባልደረቦቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ግድ የለኝም። ባለፈው ሳምንት የፍቅረኞች ቀን ሲውል ሱቁ ሞልቶ ከደጅ የቆመው ሰው ብዙ ነበር። ሕሊናም ከደብረ ብርሃን መጥታ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ዋለች፤ እጇ እንዳንቺ ፈጣን ነው።

ትናንት በሩ ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ የሚጽፍልን ሰዓሊ መጣ። “የሱቁ ባለቤት ማን ልበል?” አለኝ። “ብዙነሽ” አልኩት። ሰውዬው የከተማው ሰው ነውና ማረፍሽን ያውቃል፤ ብሩሹን እንደያዘ “በሕይወት ያለ ሰው ስም ነበር የሚጻፈው” አለኝ። እትዬ ጌጤ ከውስጥ ሰምታ፣ “ያለችውንማ ነው ጻፍ የተባልከው” ብላ ጮኸችበት። ጻፈው። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ብዙዬ፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ስምሽን ያነባል። የማይችለው ሲጠይቅ እኔ አነብለታለሁ፤ ማን እንደነበርሽም እነግረዋለሁ፣ አሳጥሬ አልነግረውም። ዓይኔ ማየት ቢያቅተው እንኳ ሰሌዳውን በእጄ ዳብሼ በቃሌ አነበዋለሁ።

ያንቺው ታደሰ
ሞላሌ