የባቡር ነጂው አዲስ ቤት

ለእትዬ ቺዮኮ፣

በረዶው እናንተ ጋ ቀድሞ ሳይገባ አይቀርምና ጉልበትሽን እንዴት አድርጎሽ ይሆን? እኛ ደኅና ነን።

ባለቤቴን ሾዞን ባለፈው ሰኞ የአረጋውያን መኖሪያ አስገባሁት። ዘጠኝ አዛውንቶች አብረው የሚኖሩበት ትንሽ ቤት ነው፤ ሩዙም እዚያው ይበስላል። መርሳት ከጀመረ ወዲህ ከእኔ እጅ በቀር እንደማይበላ ታውቂያለሽ። ላስገባው ነው ብዬ በስልክ ስነግርሽ፣ "እስከ ጸደይ ብትታገሺ ምን ነበረበት?" ብለሽ ተቆጥተሽኝ ነበር። ቦታ የተገኘው አሁን ነው፤ በዚያ ላይ እኔንም በጥር ሆስፒታል ጥቂት ቀን ተኚ ብለውኛል። ትንሽ ነገር ናት፣ አታስቢ።

ሁለት ቀን ምግብ አልቀምስ አለ። በሦስተኛው ቀን በር ላይ ቆሜ አየሁት። ናጊሳ የምትባል አስታማሚ ሳህኑን ይዛ ስትቀርብ፣ "ያረጀ ፉርጎ ነኝ እንዴ፣ እዚህ ጥላችሁኝ የምትሄዱት?" ብሎ ጮኸባት። አርባ ዓመት ባቡር የነዳ ሰው አይደል!

"ኧረ አባባ፣ ባቡሩ የቆመው ለምሳ ነው" አለችው። "ነጂው ካልበላ ማን ያንቀሳቅሰዋል?"

ሾዞ ሳቀ። ከዚያ አፉን ከፈተ። ዓሣውንም ሾርባውንም ከእጇ ጨረሰው፤ እኔ መኖሬን እንኳ አላየም።

እትዬ፣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው። ያን ቀን ከስንት ወር በኋላ እኔም ጠግቤ በላሁ።

ምናልባት እኔን ካጡኝ ላንቺ እንዲደውሉ፣ ለናጊሳ ያንቺን ስልክ ቁጥር ሰጥቻታለሁ። በጸደይ መጥተሽ እይው፤ ስምሽን ቢረሳ አትቀየሚው፣ አጠገቡ ቁጭ በይለት ብቻ።

ብርዱ እንዳይመታሽ ደረብ አድርጊ።

ታናሽሽ ፉሚኤ