በልጅሽ ቤት የላጥሁት ድንች

እታለምዬ፣ ታላቅ እህቴ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። «ደኅና ነሽ ወይ?» ብዬ ልጀምር አልሁና እጄ ተመለሰ። ወሬ ግን እንደሚናፍቅሽ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከሰፈሩ ልነሳልሽ።

ቆሰበርን ዝናቡ አለቀቃትም። የቀርከሃ አጥርሽን ወንድማችን አፍርሶ በቆርቆሮ ለውጦታል። አምሯል፣ አይካድም፤ ነፋስ ሲነሳ ሲጢጥ ሲጢጥ የሚለው ነገር ግን ቀረ። ጎረቤትሽ እትዬ የሺ ጉልበቷን ስላመማት ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በባጃጅ ነው። ሹፌሩን እየመከረች ሄዳ እየመከረች ትመለሳለች። ምላሷን አላመማትም።

ዋናውን ወሬ ወደ ኋላ ያደረግሁት ፈርቼ ነው። ሰኔ ላይ ልጅሽን ማስተዋልን በአራት ወር እርግዝናዋ አስወረዳት። መጀመሪያ የምትጠይቂኝን ስለማውቅ ልንገርሽ፦ ሐኪም አይቷታል፣ ደሙ ቆሟል፣ ሰውነቷ ደኅና ነው። ግን ስምንት ቀን ሙሉ ከሰው አልተነጋገረችም፤ እህልም በግድ ነበር የምትቀምሰው። ባሏ ከዳንግላ ደውሎ «አክስቴ፣ የማደርገው ጠፋኝ፤ ይድረሱልኝ» አለኝ። እኔም ግማሽ ጆንያ ድንች ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ከኛ አገር ሌላ ምን ይዞ ይኬዳል?

መንገዱን ሁሉ ያሰብሁት አንቺን ነው። የኔን ጥር ታስታውሻለሽ? አምስት ወር የተሸከምሁት የወረደ ጊዜ። ሰው መምጫው ጠፍቶት ነበር፤ ለቅሶ እንዳይደርስ ለቅሶ አልተባለ፣ አራስ እንዳይጠይቅ ልጅ የለ። አንቺ ግን ልክ እንደ አራስ መደቡ ላይ አነጠፍሽልኝ፤ ወገቤን በራስሽ መቀነት ጠበቅ አድርገሽ አሰርሽልኝ፤ አጥሚት አፈላሽልኝ። አፍሬ «ምን ወለድሁና?» ብልሽ፣ «ወገብሽ ወር አይቆጥርም፤ ዝም ብለሽ ጠጪ!» አልሽኝ። ባሌ ጓሮ ለጓሮ ሲዞር «አንተም እኮ ልጅ አጥተሃል፤ ግባና ተቀመጥ» ብለሽ እጁን ይዘሽ አስገባሽው። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የድንቹ ነገርማ! ጎረቤት ገብቶ «አይዞሽ፣ ሌላ ይተካልሻል» ማለት ሲጀምር ቢላዋና ድንች ታቀብይው ነበር። እትዬ የሺ «ያን ሁሉ ውኃ ባትሸከሚ ኖሮ እኮ...» ብላ ገና ስትከፍት፣ «የሺ፣ ምላስሽ ሥራ ፈቷል፤ እስቲ ይህን ላጪልኝ» አልሻት። ሳምንቱን ሙሉ ድንች ወጥ በላን። እትዬ የሺም አቀርቅራ ስትልጥ ቆይታ፣ ቀስ ብላ የራሷን አወጣችው፤ ሁለት ጊዜ ወርዶባት ለማንም ሳትናገር ኖራለች። መቼም ያን ዕለት የቀናሁብሽ ሳታቋርጪ ስላዳመጥሻት ነው።

ዳንግላ ደረስሁ። እኔን ታውቂኛለሽ፤ በመጽሔት ላይ አገር የምመክር ሴት ነኝ። ገና ነጠላዬን ሳላወርድ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እንኳን አንቺን አተረፈልን፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ስንት ትወልጂ የለም ወይ...» እያልሁ፣ አንቺ የምትጠያቸውን ቃላት ሁሉ አንድም ሳላስቀር አወረድኋቸው። ማስተዋል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሰማችኝ። ከዚያ ተነሳች። ካመጣሁት ድንች በሳፋ ሞልታ፣ ቢላዋ ጨምራ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አክስቴ፣ እናቴ ብትኖር ይህን ትሰጥሽ ነበር» አለችኝ።

በስምንት ቀን የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ነው። ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣብኝ፤ ቢላዋውን አንስቼ መላጥ ጀመርሁ። ሳፋው ሲጋመስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ሌላ ቢላዋ አነሳች። ሴት ከሆነች በአንቺ ስም ልትጠራት አስባ እንደነበር ያን ጊዜ ነገረችኝ። ድንቹ ሲያልቅ ያኔ የተውሽልኝን መቀነትሽን ከቦርሳዬ አውጥቼ ወገቧን አሰርሁላት። አስተሳሰርሽ ጠፍቶኝ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ባሏንም ጠርቼ አጠገቧ አስቀመጥሁት። ሦስታችንም በላን፤ እሷም በላች፣ እታለም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ልጄ ይወለድ በነበረበት ወር፣ በየግንቦቱ ትደውይልኝ ነበር። ስለ ልጁ አታነሺም፤ «ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» ብቻ። ከሄድሽ ወዲህ ሦስት ግንቦት አለፈ። ያን ወር ከአንቺ በቀር የሚያስታውስልኝ እንዳልነበረ የገባኝ ስልኬ ዝም ሲል ነው።

የማስተዋል ወር ኅዳር ነው። አልረሳባትም። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ደውዬ «ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» እላታለሁ፤ ኔትወርኩ እምቢ ካለኝ ዳንግላ ድረስ እሄዳለሁ። ከዚያ በላይ እንዳልቀባጥር ደግሞ፣ ስደውል ድንቹና ቢላዋው ጭኔ ላይ ይሆናል።

ታናሽሽ